ሲወድቅ ማን ያዘው?

ከሚሴ ውስጥ የነጋዴ ታሪክ የሚያነብ ወጣት በርክቷል። መጽሐፉ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ያላገኘው ደግሞ በስልኩ ያዳምጠዋል። መልካም ነው። አባቶቻችን ንግድን የተማሩት ባቲና ሰንበቴ ገበያ ውለው ነው። ልጆቻችን ያልዋሉበትን ገበያ በንባብ ቢያውቁት ትርፍ እንጂ ጉዳት የለውም። የሚያሳስበኝ መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ትምህርት ነው። አብዛኛው አንባቢ ይዞ የሚወጣው «ወደቀ፣ ተስፋ አልቆረጠም፣ ተነሣ፣ ከበረ» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የያዘ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይፈልግ እላለሁ። ሰውዬው ሲወድቅ ማን ያዘው? አብሮት የወደቀውስ የማን ገንዘብ ነበር?

ከአገራችን ልጀምር። ስለ ኢትዮጵያዊ ሥራ ፈጣሪዎች ከተጻፉት መካከል ብዙ የተወራለት «የማይሰበረው» የአቶ ኤርሚያስ አመልጋን ሕይወት የሚተርክ ነው። አቶ ኤርሚያስ አሜሪካ ተምረው፣ በኒውዮርክ የፋይናንስ ገበያ ሠርተው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ጋዝ የሌለው የታሸገ ውሃ ለአገሩ ሰው ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሃይላንድን ገበያ ላይ አዋሉ። ውሃን ገንዘብ ከፍሎ የሚጠጣ ማን ነው ይባል በነበረበት አገር ዛሬ የታሸገ ውሃ የማይሸጥበት ኪዮስክ ማግኘት ይከብዳል። በደሴ መንገድ ያለፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሃይላንድ የሚባለው ውሃ ከገበያ ከጠፋ በኋላም የመንገድ ዳር ሕፃናት ባዶ ጠርሙስ የሚለምኑት በዚያው ስም ነው። ቀጥሎ ዘመን ባንክ መጣ። ባንኩ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ ለአገሪቱ የባንክ ሥራ አዲስ አሠራር ነው። ባንኩ ዛሬም አለ። ከዚያ አክሰስ ሪል ስቴት ተከተለ። ብዙ ሰዎች ለቤት ብለው ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፈሉ፤ ቤታቸውን ሳያገኙም ለዓመታት ተንከራተቱ፤ ጉዳዩ መንግሥት ጣልቃ እስኪገባበት ደረሰ።

በዚያ ውድቀት የማን ጥፋት ምን ያህል ነው የሚለውን ለመዝገብና ለዳኛ እተወዋለሁ። እኔን የሚያስተምረኝ ነገሩን ጎን ለጎን አድርጎ ማየቱ ነው። ሰውየው አንድ ናቸው። ዕውቀታቸውም፣ ድፍረታቸውም፣ ብርታታቸውም ያው ነው። ውጤቱ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ። አንዱ ገበያ ፈጥሮ አለፈ፣ አንዱ ቆሞ ቀረ፣ አንዱ ፈርሶ ብዙ ሰው ጎዳ። ስኬትና ውድቀት ከሰው ጠባይ ብቻ የሚመነጩ ቢሆኑ ኖሮ ሦስቱም አንድ በሆኑ ነበር። ልዩነቱን ለማወቅ ገንዘቡ ከማን እንደ መጣና ማን ይቆጣጠረው እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል። ባንኩ ኪሳራ ቢመጣ አስቀድመው የሚሸከሙ ባለ አክሲዮኖች ነበሩት፤ ብሔራዊ ባንክም በላዩ ነበር። የቤቱ ሥራ የቆመው ግን በቤት ፈላጊው ቅድመ ክፍያ ላይ ነው። ቅድመ ክፍያ የከፈለ ሰው ትርፍ ሲመጣ ድርሻ የለውም፣ ኪሳራ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ ነው። ገዢውን ከዚህ ለመጠበቅ የታሰበ የሪል ስቴት አዋጅ የወጣው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ባሕር ማዶም ልሻገር። የናይኪ መሥራች ፊል ናይት «ሹ ዶግ» ብሎ በ2016 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ከሚነበቡት የነጋዴ ታሪኮች አንዱ ነው። የሚወደደው ሀብቱን ስለሚያሳይ ሳይሆን ጭንቀቱን ስለሚያሳይ ነው። ናይት በ1964 እ.ኤ.አ. ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር አምስት አምስት መቶ ዶላር አዋጥቶ የጃፓን ጫማ ማስመጣት ጀመረ፤ ጫማውንም በመኪናው ጭኖ በየሩጫ ውድድሩ እየዞረ ሸጠ። አንባቢ በችኮላ የሚያልፈው ነገር እዚህ ጋ አለ። ናይት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው ደመወዝተኛ ነበር። የሒሳብ ባለሙያ ሆኖ ይሠራ ነበር፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እንጀራው ከጫማው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ናሙና ጫማዎች ለማስመጣት የላካት 50 ዶላር የአባቱ ነበረች። በ1975 እ.ኤ.አ. ባንኩ ከደንበኝነት ሲያባርረው ኒሾ ኢዋይ የተባለው የጃፓን የንግድ ድርጅት ዕዳውን ከፈለለት። የአሜሪካ ጉምሩክ 25 ሚሊዮን ዶላር ክፈል ሲለው ለዓመታት ተከራክሮ በ9 ሚሊዮን ጨረሰ። ለመከራከር ጊዜ የሚሰጥ ሕግ ነበረና።

ከሁሉ የበለጠ ልቤን የነካው የአንድ ሠራተኛው ወላጆች ነገር ነው። እነዚያ ወላጆች ሀብታሞች አልነበሩም። ልጃቸው የሚሠራበት ድርጅት ሲጨንቀው ያጠራቀሙትን አውጥተው አበደሩት። በ1980 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ የእነሱም ገንዘብ ወደ አክሲዮን ተለውጦ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነላቸው። አንባቢ እዚህ ጋ ይደሰታል። እኔም ተደስቻለሁ። ነገር ግን ያ ጉምሩክ አልስማማም ብሎ ቢሆን፣ ያ የጃፓን ድርጅት ፊቱን አዙሮ ቢሆን፣ ሁለት ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን በቀሩ ነበር፤ መጽሐፉም ባልተጻፈ ነበር። ናይት ራሱ ይህን ያውቃል። ዕድል ትልቅ ድርሻ እንዳለው በግልጽ ጽፏል፤ «በጭራሽ አትተው» እያሉ የሚመክሩትንም አጥብቆ ይነቅፋል። መተው የሚገባበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ማወቅም ብልሃት ነው ይላል። ከአንድ ባለ ስኬት እንዲህ ያለ ቃል መስማት ብርቅ ነው። አለመሰበርን ብቻ ለሚያወድስ ንባባችን ሚዛን ይሆነዋል።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ቀያችን እንመለስ። በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ንግድ ምን ዓይነት አደጋ ላይ እንደሚቆም የባቲን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ወጣት የእናቱን ወርቅና የአጎቱን በሬ አሽጦ መነሻ ይዟል እንበል። ሰኞ ባቲ ወርዶ ከአፋርና ከኦሮሞ አርብቶ አደሮች ፍየልና በግ ይገዛል። ገሚሱን በጥሬ ገንዘብ፣ ገሚሱን በአማና፣ «ለሚቀጥለው ገበያ እከፍላለሁ» ብሎ። ለደላላው ይከፍላል፣ አይሱዙ ይከራያል፣ ለአረፋ ለማድረስ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። መንገዱ ሦስት ቀን ቢዘጋበት እንስሳቱ ይከሳሉ፣ የሚሞትም አለ፣ በዓሉም ያልፋል። ይህ ልጅ የስንፍናም የድንቁርናም ሰው አይደለም። ነገር ግን በአንድ ጭነት የእናቱን ወርቅ፣ የአጎቱን በሬ፣ የአርብቶ አደሩን ፍየልና የራሱን ስም አጥቷል።

ይህ የፈጠራ ወሬ እንዳይመስል የቅርቡን ዘመን ላስታውስ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በአካባቢያችን ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ከአጣዬ እስከ ጅሌ ጥሙጋና ሰንበቴ የሰው ሕይወት የጠፋበት፣ ቤትና ሱቅ የነደደበት ግጭት ሆነ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር፣ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ዞናችን ያለበት የአማራ ክልል ከግጭት አላረፈም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በዱቤ ዕቃ ወስዶ የሸጠ ባለ ሱቅ፣ በሸጠበት ዋጋ መልሶ መግዛት አቃተው። ከእነዚህ አንዱንም ያመጣው የከሚሴ ነጋዴ አይደለም። ከእነዚህ አንዱንም በቆራጥነት ብቻ መመለስ አይቻልም።

ማሾውንም ተመልከቱ። በዞናችንና በአጎራባች ወረዳዎች ማሾ ለብዙ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ የሚያመጣ ሰብል ሆኗል፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያም ይገበያያል። አብዛኛው የሚላከው ወደ ውጭ ስለሆነ ዋጋውን የሚወስነው የባሕር ማዶ ገዢ ነው። ብድር ወስዶ ከገበሬ የሰበሰበና መጋዘን ያስገባ ወጣት፣ ዋጋው ሲወርድ ስህተቱን ከየት ይፈልጋል? በዚህ ጊዜ የምንነግረው ነገር «እገሌ ሰባት ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል» የሚል ብቻ ከሆነ እየጎዳነው ነው። እገሌ የወደቀው ደመወዝ፣ አባት፣ አበዳሪና ሕግ ባሉበት ነው። ይህ ልጅ የወደቀው በባዶ መሬት ላይ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ሕመም አለ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። የከሰረ ነጋዴ በገበያ ቀን መውጣት ያፍራል። ትናንት «ሐጂ» እያለ ሲያከብረው የነበረ ዛሬ በሩቅ ያልፈዋል። አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጡበታል፤ የቀረውን በሬና ቆርቆሮ በርካሽ ያሸጡታል። ከዚያ የሚቀርለት መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ደላላ ፈልጎ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መሰደድ፣ ወይ ቤት ውስጥ መዋል። ቢታገሡት በሁለት ዓመት ዕዳውን ሊከፍል የሚችለውን ሰው ስንቱን ጊዜ በችኮላችን አጥፍተነዋል! አበዳሪውም አላተረፈም፤ ገበያውም አንድ ሥራ የሚያውቅ ሰው አጣ።

እዚህ ላይ መለየት ያለብን ነገር አለ። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ለሠርግና ለመኪና ያዋለ፣ የሌለውን ዕቃ አለኝ ብሎ የሸጠ፣ የአንዱን አማና ለሌላው ዕዳ የከፈለ ሰው ወደቀ አይባልም፤ እምነት አጉድሏል። እሱን «ውድቀት የስኬት መንገድ ነው» እያልን ማሞካሸት በተበዳዮች ላይ መሳለቅ ነው። ገንዘቡን በታማኝነት ይዞ፣ ሒሳቡን ጽፎ፣ የሚችለውን ጥንቃቄ አድርጎ መንገድ የተዘጋበት ወይም ዋጋ የወረደበት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ከወቀስናቸው ሐቀኛው ይጎዳል፤ አንድ ላይ ካወደስናቸው ደግሞ አጭበርባሪው ያተርፋል። የምናነባቸው መጻሕፍት ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ አያሳዩንም። የእኛ ሃይማኖትና ባህል ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

ሙዳረባ የሚባለውን ውል እንውሰድ። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል፣ ትርፉን በተስማሙት ይካፈላሉ። ሠራተኛው ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ንግዱ ከከሰረ የገንዘቡን ኪሳራ ባለ ገንዘቡ ይሸከማል፤ ሠራተኛው የሚያጣው ድካሙን ነው። ሠራተኛው ካጠፋ ግን ይጠየቃል። ኪሳራን ከጥፋት የሚለይ፣ የሰውንም ሕይወት በአንድ ጭነት ላይ የማያስይዝ ሥርዓት ነው። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ዕዳ የከበደው ሰው ነው። የተቸገረን ባለ ዕዳ እስኪያገኝ እንዲታገሡትም ቁርኣን ያዝዛል። በቦረናና በሌሎች የኦሮሞ አካባቢዎች የታወቀው ቡሳ ጎኖፋ ደግሞ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከብት አዋጥቶ መልሶ ባለ ከብት የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። የወሎ ቅሬ ሐዘን የገባበትን ቤት ብቻውን አይተውም። የሰውን ሞት የሚሸከም ማኅበር ያለው ሕዝብ፣ የሰውን ኪሳራ የሚሸከም ማኅበር ማቋቋም አይሳነውም።

የባንክ በሩም ከትናንት ይልቅ ዛሬ ተከፍቷል። ወለድን የሚሸሽ የዞናችን ነጋዴ ለዘመናት ከባንክ ብድር ርቆ ኖሯል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎትን የፈቀደው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። አማራ ብድርና ቁጠባም አድጎ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ነገር ግን ከወለድ ነፃ ባንኮች በብዛት የሚሠሩት በሙራበሃ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለነጋዴው በዱቤ ይሸጥለታል። ሐላል ነው፣ ይጠቅማልም። ንግዱ ቢከስር ግን ዕዳው እንዳለ በነጋዴው ጫንቃ ላይ ይቀራል። ኪሳራን የሚጋራው ሙዳረባና ሙሻረካ (ሁለቱም ወገን ገንዘብ የሚያዋጣበት ሽርክና) ለትንሽ ነጋዴ የሚደርስበትን መንገድ ባንኮቹ እንዲፈልጉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ነጋዴውን ማወቅ፣ ሒሳቡን መከታተል፣ ገበያ ድረስ መውረድ ይጠይቃቸዋል፤ አድካሚ ነው። ይሁንና ለዚህ አገር ሰው የሚበጀው እሱ ነው።

ሕጉም ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲታደስ፣ ዕዳ ያስጨነቀው ነጋዴ ጨርሶ ሳይከስር ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ንግዱን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ አስቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ቤትና ቦታ የሌለው ሰው ከብቱን፣ ሰብሉን ወይም ማሽኑን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ስለ እነዚህ ሁለት ሕጎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በሰንበቴ የእሑድ ገበያና በባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ቆሞ የሚያስረዳ የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ቢኖር ከብዙ የማነቃቂያ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል።

ወጣቱም ድርሻ አለው። ከፊል ናይት የሚወርሰው ካለ በመጀመሪያ ያን የደመወዝ ዘመን ይውረስ፤ አዲሱ ንግድ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ የሚበላበትን ሥራ ወይም እርሻ አይተው። ከአቶ ኤርሚያስ ታሪክ ደግሞ የሚወርሰው ካለ ያልታየ ገበያ የማየትን ዐይን ይውረስ፤ የቤቱን ሥራ ሲያስብ ግን የሰው ቅድመ ክፍያና የራሱን ገንዘብ በአንድ ኪስ አይያዝ። አማናውን በደብተር ለይቶ ይጻፍ። ቢጠፋ ቤተሰቡን የሚያስርበውን ገንዘብ በአንድ ጭነት ላይ አያውጣ። ችግር ሲመጣ ስልኩን አይዝጋ፤ አበዳሪው ዘንድ ቀድሞ ሄዶ ያለውንና የሌለውን ይንገር። ተስፋ የሌለው ንግድ ሲሆን ደግሞ የቀረውን ይዞ ለመውጣት አይፈር። የቀረውን ይዞ የወጣ ሌላ ቀን ይነግዳል።

ለትልልቆቹ ያለኝ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። የእንስሳትና የማሾ ነጋዴዎች በየጭነቱ ጥቂት ጥቂት ብር እያዋጡ፣ ያለጥፋቱ የከሰረን ባልንጀራ የሚያነሡበት የጋራ ቋት ቢያቋቁሙ ምን ያግዳቸዋል? መስፈርቱን ራሳቸው ያውቁታል፤ ማን እንደ ታመነና ማን እንደ ከዳ ከገበያተኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የቅሬ አባቶች የአመራር ልምዱ አላቸው፣ ዑለማዎች የውሉን ሕግ ያውቃሉ፣ ባንኮች ገንዘቡን መያዝ ይችላሉ፣ ዞኑ ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት ሊሰጠው ይችላል። አራቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ በአንድ ገበያ መጀመር ይቻላል። ከባቲ ይጀመር። ያን ጊዜ ልጆቻችንን «አይዟችሁ፣ ሞክሩ» ብለን ስንመክር ቃላችን ዋስ ይኖረዋል።